ቅል ውስጥ የወደቀች አተር

ደረቅ አተር ባዶ ቅል ውስጥ ሲወድቅ የሚሰጠው ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አይምታታም። መጀመሪያ የቅሉን አንገት ይነካል፤ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ገብቶ «ጧ» ይላል፤ ቀጥሎ ማረፊያ እየፈለገ ጥቂት ይንከባለልና ጸጥ ይላል። ባለፈው ሳምንት ይህን ድምፅ ሰምተሽ ከጓዳ ስትወጪ፣ እኔ በአባትሽ አልጋ ጫፍ ላይ ቅሉን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ እሱ ደግሞ በደህናው እጁ አንዲት አተር ይዞ አገኘሽን።

«አክስቴ፣ ምን ማድረግዎ ነው? አባቴ እኮ ሕፃን አይደለም!» አልሽኝ።

ተቆጥተሽ ነበር፤ መልሱም ረጅም ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ስናገር ይደክመኛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ቤታችን ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ጉብታ ላይ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ፣ ማለት አባትሽ፣ ሁለት ዓመት አልፎት ሦስተኛውን ይዟል። ጥር ላይ ታላቅ እህታችን ተዳረች። ልጁን የምትይዘው እሷ ስለነበረች፣ ስትሄድ እኔ ተተካሁ። ሁለተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ሦስተኛ ልገባ ስል፣ መስከረም ጠባና ሌሎቹ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲወርዱ እኔ ከአጥራችን በር ቆሜ አየኋቸው።

አስተማሪው አንድ አርብ ከገበያ በኋላ ወደ እኛ ቤት ወጣ። ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት ነበር። አባቴን ቆሞ አነጋገረው፤ ተቀመጥ ቢባልም እንቢ አለ። «ስሟን ከመዝገብ አልሰረዝኩትም። እስከ ኅዳር ሚካኤል እጠብቃታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል» አለ።

አባቴም፣ «ልጁ ከአባባ ጋር መዋል ከቻለ ትመጣለች» ሲል መለሰለት።

አባባ የምንላቸው የአባቴ አባት ናቸው። መሪጌታ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት በደብራችን ሲያስተምሩ ኖረው የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሸፈነባቸውና ቤት ዋሉ። ቤት ዋሉ እንጂ ማስተማሩን አልተዉም፤ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ከሥራ መልስ እየመጡ የቃል ትምህርት ይማሩባቸው ነበር። የቃል ትምህርት መጽሐፍ የለውም። መምህሩ አንድ ሐረግ ይላሉ፣ «ድገም» ይላሉ፣ ተማሪው ይመልሳል። ካልመለሰ አይቀጥሉም፤ አይቆጡም፣ አይነግሩትምም። ፊታቸውን ትንሽ ቀና፣ ጆሯቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። ከጓዳ ሆኜ ያን ዝምታ ስሰማ ለተማሪው እኔ ያልበኝ ነበር።

እጃቸው ጠንካራ፣ ጆሯቸው የፍየል ጆሮ ነው። ልጅ መጠበቅ የሚያቅታቸው ሰው አልነበሩም። ችግሩ ልጁ ነው። አይናገርም። የሚሻውን በጣቱ ያሳያል፤ አባባ ደግሞ ጣት አያዩም። ነሐሴ ላይ አንድ ረፋድ ከእሳቸው ጋር ትተነው ሄደን ነበር። ውሃ ጠምቶት እንስራውን ሲያሳያቸው፣ እሳቸው «ምን ፈለግህ? ምን ፈለግህ?» ሲሉ፣ በመጨረሻ ራሱ እንስራው ላይ ተንጠላጥሎ ገለበጠው። ስንመለስ ገሎቹ መሐል ቁጭ ብሎ እንደ እርጥብ ጫጩት ይንቀጠቀጥ ነበር። አባባ መሬቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ገል ይለቅማሉ። አባቴ ያኔ ነው፣ «አፉን ሲፈታ እናያለን» ብሎ የቆረጠው።

ስለዚህ የኔ ሥራ ግልጽ ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሚካኤል ባለው ጊዜ የልጁን አፍ ማስፈታት።

እናቴ በሰው ፊት ባትናገረውም ፈርታ ነበር። ሌሎቹ ልጆቿ ሁሉ በዓመት ከመንፈቃቸው አፋቸውን ፈተዋል። ጠበል ወስዳው ነበር፤ ጠበሉን ወደደው፤ ከቋጥኙ የሚወርደውን ጠብታ በመዳፉ ሊይዝ ሲሞክር ዋለ እንጂ ቃል አልወጣውም። ጎረቤታችን የነበረችው ባልቴት ግን ምንም አልፈራች። ምላሷ እንደ ማጭድ የሰላ ነበር።

«ይሄ ልጅ ምን ቸገረው ብሎ ይናገር?» አለች አንድ ቀን፣ እኔን በአገጯ እያሳየች። «ጠበቃ አቁሟል እኮ! እሱ ጣቱን ያነሳል፣ ጠበቃዋ ትሟገትለታለች።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነት ነውና ከእኔ በቀር የሚያውቅለት አልነበረም። አንድ ጣት ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ነው። መዳፉን ጆሮው ላይ ከለጠፈ መጫወቻ ቅሉን ማለቱ ነው። የቀሚሴን ጫፍ ሁለት ጊዜ ከሳበ እዘይኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ነይ እይ። እናቴ እንኳ ሲያለቅስ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለ?» ትለኝ ነበር። እኔም «ቆሎ ነው የሚለው» እላለሁ፤ ቆሎው ይሰጠዋል፤ ዝም ይላል። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም የሌለው እውቀት ነበረኝ።

ሥራውን የጀመርኩት በጭቃ ነው። ከምንጩ አጠገብ ካለው ጥቁር አፈር ሁለት በሬ ሠራሁለት፤ ቀንበራቸው ስንደዶ፣ ቀንዳቸው እሾህ። በፀሐይ ደርቀው ሲሰነጣጠቁ ስንጥቁን በምራቅ እየለሰንኩ አደስኳቸው። «በሬ! በል በሬ! በ-ሬ! ይኸው በሬ፣ የአባቴ በሬ፣ ትልቅ በሬ!» እለዋለሁ። እሱ አንዱን በሬ አንስቶ ሆዱን ያያል፣ ከዚያ ገብስ ለቅሞ አፉ ባለበት በኩል ይሰካበታል። በሬው አፍ እንደሌለው ሲያውቅ ተናደደ። በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ አፍ አበጀለትና ገብሱን ከተተለት። ቃል ግን የለም።

የሣር ክዳናችን አንድ ቦታ ሳስቶ ስለነበር ረፋድ ላይ አላድ የሚባለውን የብር ሳንቲም የምታህል የፀሐይ ክብ ወለሉ ላይ ትወድቅ ነበር። በዚያ ጨረር ውስጥ የጭድ ብናኝ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ልጁ ክቧን በጣቱ ሊያነሳት ሞከረ። እንቢ ስትለው የመሶብ ክዳን አምጥቶ ደፋባት። ብርሃኗ ክዳኑ ላይ ወጣች። ክዳኑን ገልጦ ከሥሩ አየ፤ መልሶ ደፋ፤ አሁንም ከላይ። እጁን ደፋባት፤ እጁ ላይ ወጣች። እጁን ገለበጠው፣ መዳፉን ተመለከተ፣ ወደ እኔም ተመለከተ። «ፀሐይ ናት! ከላይ ነው የምትመጣው! በል ፀሐይ!» አልኩት። ወደ ጣራው ጠቆመ። ልክ ነበር። ያለ አንድ ቃል ልክ ነበር።

እኔም ሳላውቀው ከእሱ ጋር መማር ጀመርኩ። ሰዓት ስላልነበረን የደጃፉ ምሰሶ ጥላ ከመድረኩ ድንጋይ እስከ ወፍጮው ድረስ ሲሄድ እያየሁ፣ የትኛው ጨዋታ ምን ያህል እንደሚይዘው እለካ ነበር። የጭቃ በሬዎቹ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርሱም። በሦስት ዋንጫ ሥር አተር ደብቆ ማስፈለግ ጥሩ ነበር፤ ግን የት እንደደበቅሁ ፊቴን አይቶ እንደሚያውቅ ደረስኩበትና ተውኩት። ጥላው ወፍጮው እስኪደርስ ድረስ የሚይዘው ቅሉ ብቻ ነበር።

ቅሉ ከቆላ የመጣ ነው። እኛ ደጋ ላይ ቅል አይበቅልም፤ ከወገዳ በኩል የሚመጡ ሴቶች ገበያ ያወጡታል። እናቴ ዘይት ልታደርግበት ገዝታው አንገቱ ጠበባትና ለልጁ ተወችለት። ውስጡ ገና ትንሽ የመራራ ዱባ ሽታ ነበረው። ልጁ አንድ አተር ይጥልና አንገቱን ሰብሮ ያዳምጣል። ገብስ ይጥላል፤ የገብሱ ድምፅ ቀጭን ነው፣ አይወደውም። ጠጠር ሲጥል ዓይኑን ይጨፍናል። ባቄላ ግን በአግድም አልገባ አለው። ገፋው፣ መታው፣ በጥርሱ ሞከረው። በኋላ በድንገት ባቄላው በጣቶቹ መካከል ዞሮ በቁመቱ ሾለከና ጧ አለ። ልጁ ደነገጠ። በነጋታው የመጀመሪያዋን ባቄላ ገና ሲያነሳ አዙሮ አስገባት። ማን አስተማረው? እኔ አይደለሁም። ዛሬም ድረስ ያንን ባቄላ ሳስብ ይገርመኛል።

እኔ ግን በዚህ ሁሉ መካከል እናገር ነበር። «አተር! ይቺ አተር ናት! አየኸው ገባ! ጧ አለ! በል ጧ! ሌላ ልስጥህ? ይኸው ሌላ!» ከአፌ ቃል አይቋረጥም ነበር። የሚያናግረው ብዙ መስማቱ ነው ብዬ አምኛለሁ። አባባ ከመደባቸው ሆነው ይሰሙኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ትንፋሽ አትወስጂም?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ላስተምረው ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እህ» አሉ።

ጥቅምት እንዲህ አለቀ። ቅዝቃዜው በረታ፤ ማለዳ ማለዳ ከገደሉ አፍ የሚነሳው ጉም እስከ አጥራችን ይመጣል። ከአጥራችን በር ሆኜ ተማሪዎቹ ሲወርዱ አልመለከትም ብዬ ነበር፤ ድምፃቸውን ግን መስማት አልቀረልኝም። ማባዛት እየደገሙ ነበር የሚሄዱት። እኔ የስድስትን ሳልጨርስ እነሱ የዘጠኝን ይዘዋል።

ኅዳር በባተ በአራተኛው ቀን የገብሳችን አጨዳ ደቦ ሆነ። ሃያ ያህል ሰው መጣ። እናቴ ብቻዋን ስለማትችለው ምግቡንና ጠላውን ወደ ማሳው የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ማሳው ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች ነው። ልጁን ለአባባ ከመተው በቀር ምርጫ አልነበረም። ጠፍር ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ከምሰሶው ጋር ልሰረው፣ አባባ? እንደ ባለፈው እንዳይሆን።»

«ጥጃ ነው እንዴ? ከፊቴ አስቀምጪውና ሂጂ። ያን ቅል ስጪኝ። አተሩን ደግሞ በእጄ አድርጊልኝ።»

አተሩን መዳፋቸው ውስጥ አፈሰስኩላቸው። ምክንያቱን በኋላ ነው የነገሩኝ። አንድ አንድ እየሰጡት ጧ ሲል ልጁ ከፊታቸው መሆኑን ያውቃሉ። ጧ ካላለ ወይ ውጦታል ወይ ሄዷል። በጆሯቸው ነበር የጠበቁት።

የመጀመሪያውን ሸክም አድርሼ ስመለስ እየሮጥኩ ነበር። ሁለቱም ደህና ናቸው። አባባ አተር ይሰጣሉ፤ ልጁ ይጥላል፤ ጧ ሲል እሳቸው «ድገም» ይላሉ፣ ልክ ለተማሪ እንደሚሉት፤ ሌላ ይሰጡታል። ጠላውን በእንስራ አዝዬ ሁለተኛ ወረድኩ። አጫጆቹ «ጠላ መጣች!» ብለው ሲያሽካኩ ጠላውን ማሳው ላይ ላለችው እናቴ ገለበጥኩላት እንጂ አንድ ዋንጫ እንኳ ቆሜ አልቀዳሁም።

በባዶ እንስራ ተመልሼ አጥሩ ጋ ስደርስ ጧ የሚለውን ሰማሁ። ቀጥሎ «ድገም» እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም። ቀጥሎ የልጁ ድምፅ መጣ፤ «እእ! እእ!» የሚለው የእልህ ድምፅ። በአጥሩ ክፍተት አጮልቄ አየሁ።

አባባ ደጃፉ ላይ ባለው መደብ ላይ ናቸው። አተሩን በቀኝ እጃቸው ጨብጠውታል። ልጁ ከፊታቸው ቆሞ ጡጫቸውን በጣቱ ያሳያል። አይሰጡትም። ጡጫቸውን ሊፈለቅቅ ሞከረ፤ የአባባ ጡጫ የሚፈለቀቅ አይደለም። ጉልበታቸውን መታቸው። ፊቱ ቀልቷል፣ አፍንጫው ወርዷል። እሳቸው ፊታቸውን ትንሽ ቀና፣ ጆሯቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ተቀምጠዋል። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። የቃል ተማሪ ሲጠብቁ የሚቀመጡት ነው።

ምን እንደፈለገ እኔ አውቃለሁ። «አባባ፣ አተር ነው የሚለው!» ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ እሳቸው ግራ እጃቸውን ወደ እኔ አቅጣጫ አነሱ። ፊታቸውን አላዞሩም፤ መዳፋቸውን ብቻ፤ ቆይ እንደሚባለው። እርምጃዬን ቀድመው ሰምተው ኖሯል።

ቆምኩ። እንስራው ባዶ ነበር፤ ግን ከበደኝ።

ልጁ ማልቀሱን አቆመ። ጣቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጋ፤ በጣም አስጠጋው፤ ሊነካቸው ምንም አልቀረው። ዓይኖቻቸው አልተንቀሳቀሱም። ጣቱን ወደ ግራ ወሰደ፣ ወደ ቀኝ ወሰደ። ምንም የለም። ያኔ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ አያቸው። ባቄላው አልገባ ብሎት እንደነበረው ቀን። ነፋሱ ከአውድማው በኩል የአዲስ ጭድ ሽታ ይዞ መጣ፤ ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ይጭራሉ፤ ሌላ ድምፅ የለም።

«ድደም» አለ።

አባባ ጡጫቸውን ከፈቱ። አንዲት አተር ሰጡት። አላጨበጨቡም፣ አልሳቁም፣ አልሳሙትም። ጧ አለ።

«ድደም።»

ሌላ አተር።

እኔ ከአጥሩ ውጭ ስንት እንደጣለ መቁጠር ተስኖኝ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ከታች እየጠራችኝ እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት።

ስገባ የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ አልነበረም። ፊቱን በቀሚሴ እየጠረግሁ፣ «ለምን አስለቀሱት?» አልኳቸው። አባባን እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር።

«አላስለቀስኩትም። ጠበቅሁት።»

«ስንት ቀን ነው ያናገርኩት! ለእኔ ለምን አላለም?»

አባባ ቅሉን በእጃቸው ዳሰሱት። «አንቺ ዓይን አለሽ» አሉ። «የሚያይ ሰው እያለለት ለምን ይድከም? እኔ ደግሞ ከዚህ ልጅ የሚደርሰኝ ድምፁ ብቻ ነው። እሱን ነው የጠየቅሁት።» ቅሉን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ጥፋት አይደለም፣ ልጄ። መውደድ ነው» አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ደቦው ሲመለስ ወሬው ግቢውን ሞላው። እናቴ ልጁን አቅፋ ደጋግማ «እስቲ በል? እስቲ በልልኝ?» ስትለው አንገቷ ሥር ተደበቀ። ባልቴቷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«ጠበቃዋ ተሻረች በሉኛ!»

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ከዚያ፣ «እንግዲህ ደብተርሽን ፈልጊ» አለኝ። ደብተሬ የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለገኝም። አልጋዬ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

ትምህርት ቤት ከመመለሴ በፊት ጥቂት ቀናት ነበሩኝ። አንድ ነገር ልሞክር ብዬ፣ ልጁ አጠገቤ ሳለ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃ ፈልጎ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደ አባባ ፊቴን ቀና አድርጌ ጠበቅሁ። «እእ» አለ። ጠበቅሁ። እግሩ ወደ እኔ ሲመጣ ሰማሁ፤ ጉልበቴ ላይ ወጣ። ከዚያ በትንንሽ ጣቶቹ፣ ቅባትና አፈር በሚሸቱት፣ የዓይኔን ቆብ ይዞ ወደ ላይ ገለጠው። ዓይኔ ዓይኑን ሲያገኝ ሳቀ፤ ጣቱን መልሶ አነሳ።

ውሃውን ሰጠሁት። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ያኔ ገባኝ። ለእኔ መቼም አይናገርም ነበር። እኔ ዓይን ስላለኝ ዓይኔን ይከፍታል እንጂ አፉን አይከፍትም። እንዲናገር ከፈለግሁ መሄድ ነበረብኝ።

ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን በፊት ሄድኩ። ያን ማለዳ ከበሩ ስወጣ ያለቅሳል ብዬ ከአጥሩ ውጭ ጥቂት ቆየሁ። አላለቀሰም። ከአባባ ጋር መደቡ ላይ ነበር፤ እሳቸው የጸሎት ሐረግ ይላሉ፣ እሱ የመጨረሻዋን ድምፅ ብቻ ይዞ ይመልሳል። ዘወር ብሎም አላየኝ። ሌሎቹ ልጆች ቁልቁለቱን ጀምረው ነበርና ሮጬ ደረስኩባቸው።

የዘጠኝን ማባዛት እስከ ታኅሣሥ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ከዚያ ጉብታ ራቅሁ። ለዕረፍት ስመጣ ልጁ ሌላ ልጅ ሆኖ አገኘዋለሁ። የጣት ቋንቋችንን ረስቶታል። አንድ ቀን መዳፌን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አሳየሁት፤ «ጆሮሽን አሞሻል?» አለኝ። አባባ በአራተኛው ዓመት ዐረፉ። ቅሉ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም።

አባትሽ ትልቅ ሰው ሲሆን ወሬ ወዳድ እንደወጣው አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። ንፋስ መውጫ ላይ ሱቁ ጨው ሊገዛ የገባ ሰው የሦስት ቀበሌ ወሬ ሳይሰማ አይወጣም ነበር። ባለፈው ሐምሌ ምላሱ ሲያዝና ቀኝ እጁ ሲዝል፣ ሐኪሙ «ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፣ ቃሉ ነው የሚያስቸግረው፣ አታቻኩሉት» ማለቱን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። ጣቱ ሳይነሳ ውሃው ይደርሳል። ትራሱን በቅንድቡ ታውቂለታለሽ። ሰው ሲመጣ «ምን አለ?» ብሎ አንቺን ይጠይቃል፤ አንቺም ትመልሻለሽ። ከበሩ ቆሜ ስመለከትሽ ራሴን አያለሁ። ያን ያየሽውን ቅል ከገበያ ፈልጌ የገዛሁት ለዚህ ነው፤ አተሩን በቃሉ እንዲጠይቀኝ። ልነቅፍሽ አይደለም።

ትናንት አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ስትወጪ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ፀሐዩ በርትቶ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ ያልፋል። አተር መጣሉ ደክሞት ነበር። ጥቂት ቆይቶ በግራ እጁ አንድ ጣት አነሳ፤ ወደ ኩባያው።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፊቴን ቀና፣ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ ተቀመጥኩ። እስትንፋሱን እሰማለሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ምራቁን ሲውጥ፣ እንደገና ሲሞክር ሰማሁ። ብዙ ቆየሁ፤ እኔ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፣ መቆየት እችላለሁ። ከዚያ አልጋው ሲጢጥ አለ። የዓይኔ ቆብ ላይ አንድ ነገር ዐረፈ። ጣት ነው፤ ሸካራ፣ ጥፍሩ የወፈረ፣ የሽማግሌ ጣት። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ገለጠው።

አባባ ቢሆኑ ኖሮ አይሰጡትም ነበር። እኔ ውሃውን ሰጠሁት።